አንዲት የድሮ አምፑል

ፋርማሲስቷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የማያስጠላት ነገር ጥቂት ነበር። ሳሙና ላይ የተጣበቀ ፀጉር ያስጠላታል። ከሰው ኪስ የወጣ እርጥብ ብር ያንገሸግሻታል። መስኮቱ ላይ ቆሞ በመዳፉ ውስጥ እያሳለ፣ በዚያው መዳፉ የመድኃኒት ማዘዣ የሚያቀብላት በሽተኛ ሲመጣ፣ ፊቷ እንዳይታወቅባት ትንፋሿን ይዛ ነው የምትቀበለው። ምን ታድርግ፣ የቤት ልማድ ነው። ባደገችበት ቤት መጸየፍ እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። እናቷ የበር እጀታ የሚከፍቱት በክርናቸው ነው። ባንክ ቤት ኃላፊ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሰው ጨብጦ ገና ሳይለያይ እጁ ኪሱ ውስጥ መሐረብ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ነጻ የነበሩት የሞቱት አባቷ ብቻ ናቸው። የተከበሩ ዳኛ ሆነው ሳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከልጃቸው በዕድሜ የምትበልጠውን ክሬም ቀለም መኪናቸውን፣ ኮፈኗን ከፍተው ሲጎረጉሩ ይውላሉ። ምሳ ሲቀርብ «እጅዎን!» እየተባሉ እንደ ሕፃን ወደ ቧንቧ ይባረራሉ። ሲሞቱ መኪናዋን ለሴት ልጃቸው ተናዘዙ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ልጅ፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቅባት የማይጠፋ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ትወዳለች ብሎ ማን ይገምታል? እሷም አልገመተችም።

ነገሩ የመጣው በዚያችው መኪና ነው። ማምሻውን ከሥራ ስትመለስ የዳሽቦርዱ መብራት እንደ ሽማግሌ ዓይን ፈዞ፣ ፍጥነቷን ለማየት አንገቷን መስበር ነበረባት። ነጭ ብርሃን ያላቸው የኤልኢዲ አምፑሎች ገዝታ፣ ሰው ሁሉ «ሽቦ» ወደሚለው ኤሌክትሪሽያን ጋራዥ ወሰደቻት። «ሽቦ» ያሉት ግማሹን ለሙያው፣ ግማሹን ለቁመናው ነው። ሰውነቱ ቢቀጥንም ጉራው ግን አይቀጥንም።

«እኔን የሚያስቸግር ሽቦ ገና አልተፈተለም» አላት የመጀመሪያ ቀን።

ተፈትሎ ኖሯል። አምፑሎቹን ቀይሮ ቁልፉን ሲያዞር ግማሾቹ ድርግም ብለው ቀሩ።

«ይኸውልሽ ዶክተር...»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ።»

«ለእኔ መድኃኒት የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። ይኸውልሽ፣ የድሮ አምፑል የዋህ ነው፤ በየትኛውም በኩል ብታስገቢው ይበራል። ኤልኢዲ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይመርጣል። ከገለበጥሽው ያኮርፋል።»

ያኮረፉትን አንድ በአንድ ገልብጦ አስታረቃቸው። በማግስቱ ደግሞ ፍሬቻው ጉድ አመጣ፤ ወደ ቀኝ ስትል ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ይላል፣ ወደ ግራ ስትል ጭልም። ለሁለቱም ወገን የሚያገለግለው ምልክት አንድ አምፑል ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ለቀኝ በአንድ በኩል፣ ለግራ በሌላ በኩል እየመጣ ኤልኢዲውን ግራ አጋብቶት ነበር። እሱን ሲያስተካክል ሦስተኛው መጣ፤ ቁልፉ ተነቅሎ እንኳ ዳሽቦርዱ እንደ ድመት ዓይን ጭል ጭል ይላል። ሽቦ ከሰዓቱን ሙሉ ተንጋሎ ፈለገ፤ ፊውዝ አቃጠለ፤ የፈጣሪን ስም ጠርቶ የሰይጣንን ረገመ። በመጨረሻ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው የማሳ ሽቦ ዝጎ ተገኘ። ሲጠረግ ጭልጭልታው ጠፋ።

በዚህ ሁሉ መሐል እሷ ባትሪ መብራት ያዥ ነበረች። «ዝቅ አድርጊ፣ ወደ ግራ፣ እሱን ያዢልኝ» እያለ፣ ዳሽቦርዱ እንዴት እንደሚፈታ፣ የቱ ሽቦ ለምን እንደሚሄድ አስተማራት። አንዳንዴ ከሥር ቀና ሲል በውስጥ መስታወቱ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። እሱ ዝም የሚለው ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከውኃ ኮዳዋ ተቀብሏት ጠጣ። መልሶ ሲሰጣት እሷም ጠጣች። የኮዳውን አፍ ሳትጠርግ መጠጣቷ የታወቃት ከዋጠችው በኋላ ነው። ኮዳውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ማስጠላቱን ጠበቀችው። አልመጣም።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አላት በዚያው ሰዓት። «ይቺ መኪና ቶሎ ባትድን ነው ደስ የሚለኝ። ከዳነችማ አንቺ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?»

ሳቀች። ሰው ሲወድ ሳቁ እንደሚያሳብቅ ያን ዕለት አወቀች።

የመጨረሻውን ሥራ ቤቷ ግቢ መጥቶ ነው የጨረሰው። እናቷ በረንዳ ላይ፣ ወንድሟ መኪናዋ አጠገብ ቆመው ያዩታል። ሽቦ ሁሉንም ነጭ አምፑል አስገብቶ ሲያበቃ አንዲቷን የድሮ አምፑል ወደ ቦታዋ መለሳት።

«ይቺስ ለምን ቀረች?» አለ ወንድሟ።

«የባትሪ ምልክቷ ናት። ጌጥ አይደለችም ጌታዬ። ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው በሷ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ጥቂት ስለሆነ ዲናሞው ተኝቶ ይቀራል። ያኔ ባትሪው አይሞላም፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች።»

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ሽቦ ውኃ ለመነ፣ እናትየዋ በፈገግታ አስመጡለት። ከሄደ በኋላ ፋርማሲስቷ ወጥ ቤት ስትገባ ብርጭቆው ምንም ሳይሰበር በናፕኪን ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተቀምጧል።  ክዳኑን መልሳ ከደነችበት።

ብዙም ሳይቆይ እናቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ስትወስድ ዝናቡ መንገድ አያሳይም ነበር። ትልቁ አደባባይ ሲደርሱ የመስታወት መጥረጊያው እግሩን መጎተት ጀመረ። የፊት መብራቱ ፈዘዘ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ። ከኋላ የጥሩንባ ዓይነት ሁሉ ጮኸ።

«ልቤ!» አሉ እናቷ ደረታቸውን ጨብጠው። «ልቤን! ወይኔ ልጄ፣ ልሞት ነው!»

በዚያ ዝናብ፣ በጭቃ እያዳለጣት፣ መኪና እየሳታት፣ እናቷን ግማሽ ተሸክማ ግማሽ ጎትታ እግረኛ መንገድ ላይ አወጣቻቸው። ለወንድሟ ደወለች፤ ገና ስልኩን ከመዝጋቷ ደረሰ።

«ለመሆኑ መኪናዋን መጨረሻ የነካት ማን ነው?» አላት፣ እናታቸውን በብርድ ልብስ እየጠቀለለ። «አስቢው እስቲ። መኪናዋ በተበላሸች ቁጥር የሚደሰት ማን ነው? ወደ ማን ነው የምትሮጪው?»

ያ ቀልድ ትዝ አላት። ይቺ መኪና ቶሎ ባትድን ነው ደስ የሚለኝ። የሳቀችበት ቃል እንደ ተበላሸ ምግብ ወደ ጉሮሮዋ ተመለሰ።

በማግስቱ ጋራዡ ስትገባ በያጁም፣ ጎማ ጠጋኙም፣ ቀለም ቀቢውም ነበሩ። ሽቦ እንዳያት ፊቱ በራ። ያ ብርሃን ይበልጥ አቅለሸለሻት።

«እናቴን ልትገድልብኝ ነበር!» አለች።

«ምን?»

«እንድመላለስልህ ብለህ! እንድለምንህ! እዚህ ግቢ ከፈሰሰው ዘይት ሁሉ የባሰው ቆሻሻ አንተ ነህ። አንተን ሳስብ ገላዬን መታጠብ ያሰኘኛል!»

የበያጁ እሳት ጠፋ። 

«መኪናዋን ልያት» አለ ሽቦ ቀስ ብሎ፣ አንድ እርምጃ እየቀረበ።

«አትጠጋኝ!»

ቆመ። ጉራው፣ ሳቁ፣ ሁሉ ነገሩ ከፊቱ ላይ ሲለቅ ታያት። ከመደርደሪያው አንዲት ክብ ቆርቆሮ አንስቶ መጣና መዳፏ ላይ አኖረላት።

«የአባትዎ አምፑሎች ናቸው» አላት። «የሰው ቅርስ አይጣልም ብዬ ነው ያስቀመጥኩልዎት። ከእንግዲህ አልደርስብዎትም።»

እርስዎ። ከዚያ ሁሉ አንቺ በኋላ፣ እርስዎ። ስድብ ብትሰማ እንደዚያ ባላመማት። ዞራ ወጣች።

ቤት ገብታ ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። የሚጠራ ነገር ግን አልነበረም። ወንድሟ አዲስ ባትሪ አስገዛላት። ባትሪውም ሁለት ቀን ሠርቶ ሞተ። «ሽጪያትና ተገላገዪ። ገዢ አግኝቻለሁ፣ ነገ ይመጣል» አለ ወንድሟ። እሺ አለች። መኪናዋ ራሷ አስጠልታት ነበር።

ገዢው በሚመጣበት ቀን ጠዋት፣ የአባቷን መነጽርና የቆዩ ወረቀቶች ልታወጣ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ባትሪው ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ሲሞላ አድሯል። ከልማድ ቁልፉን ግማሽ አዞረች። ምልክቶቹ ሁሉ ቦግ አሉ።

ሁሉም።

ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። የባትሪ ምልክቷ ፈዛዛ ቀይ መሆን ነበረባት። ሽቦ በድሮ አምፑል ትቷት የለ? አሁን ግን እንደ ጎረቤቶቿ የምትወጋ ደማቅ ናት።

ከአባቷ ሳጥን ካቻቢቴ አመጣች። ብሎኖቹን ፈታች፣ ዳሽቦርዱን እንዳስተማራት ወደ ራሷ ሳበች፣ እጇን ከኋላ አስገባች። አምፑሉን ነቅላ አየችው። ኤልኢዲ ነው፤ ትርፍ ሆኖ ሳሎን መሳቢያ ውስጥ የቀረው ራሱ። ደግማ እጇን ስትሰድ ከስለታም ብረት ጠርዝ ላይ አንድ የለሰለሰ ነገር ነካች። ሳበችው። የተቀደደ የጓንት ጣት ነበር፤ እናቷ ሽንኩርት ለመክተፍ እንኳ የሚያጠልቁት፣ ስስ፣ የወተት ቀለም ያለው ጓንት።

ቋቅ አላት። በሩን ከፍታ አጎነበሰች። «ይቺስ ለምን ቀረች?» ብሎ የጠየቀው የገዛ ወንድሟ አምፑል ሊቀይር፣ ሰው ሊያዋርድ፣ ቅባት እንዳይነካው ጓንት አጥልቆ!

አፏን ጠርጋ ከቆርቆሮው አንዲት የድሮ አምፑል አወጣችና ቦታዋ አስገባች። ሞተሩን አስነሳች። ነዳጁን ረገጥ ስታደርግ ፈዛዛዋ ቀይ ጠፋች፤ ግድግዳው ላይ ያረፈው የፊት መብራት ደመቀ። ዲናሞው ነቅቷል። ሰውዬው ልክ ነበር። ልክ ሆኖ ሳለ ቆሻሻ ተብሏል።

ሳሎን ስትገባ እናቷ ፓፓያ በሹካ ይበላሉ፣ ወንድሟ ስልኩን ያያል። የጓንቱን ጣት ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጠችው።

«ኡፍ! አንሺልኝ!» አሉ እናቷ ሳህናቸውን እያሸሹ። «ከምግብ አጠገብ!»

ወንድሟ ግን አላፈገፈገም። አየው፤ ከዚያ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠው።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነህ?»

«ለክብርሽ ብለን ነው» አለ። «ነገ ልጆችሽ አባታቸውን ማን ብለው ሊጠሩ ነው? ሽቦ?»

«ብለን?» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ያን ቀን ልብሽን አሞሽ ነበር?»

እናትየዋ ከንፈራቸውን በናፕኪን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ደንግጬማ ነበር። ትቆማለች ተባልኩ እንጂ አደባባይ መሐል ትቆማለች መች ተባልኩ?»

«በዚያ ዝናብ ተሸክሜሽ ወጣሁ። ሞተችብኝ ብዬ።»

«እናት ለልጇ ስትል የማታደርገው የለም። አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።»

ፋርማሲስቷ አየቻቸው። የእናቷን የተቀባ ጥፍር፣ የወንድሟን እንደ ሳሙና የለሰለሰ እጅ፣ እድፍ ነክቶት የማያውቀውን የጠረጴዛ ልብስ አየች። የእጅ ክሬሙ ሽታ፣ የፓፓያው ሽታ፣ የበረኪናው ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዋን ሞላው። ዕድሜዋን ሙሉ በቆሻሻ ስትንገሸገሽ ኖራለች፤ ንጹሕ ነገር እንዲህ ሲያንገሸግሻት የመጀመሪያዋ ነበር።

«መኪናዋ አትሸጥም» አለች።  ቁልፏን ጨብጣ ወጣች።

ጋራዡ በር ላይ መኪናዋን ሞተሯ እንደበራ አቁማ ወረደች። ሽቦ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ከመሪው ሥር፣ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። እግሮቹን እያየች ለግቢው ሁሉ ተናገረች፤ ፊቱን ብታይ አትችለውም ነበር።

«በእናንተ ፊት ነው የሰደብኩት» አለች ጮክ ብላ። በያጁ መከላከያውን ከፊቱ ላይ ገፋ አደረገ። «በእናንተ ፊት ልናገር። መኪናዋን ያበላሸው እሱ አይደለም። የቤቴ ሰዎች ናቸው። እሱ በትክክል ሠርቷል። እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳላይ ፈረድኩበት። የዳኛ ልጅ ሆኜ።»

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

«ሰማሁ» አለ ድምፁ ከውስጥ። «ይቅር ብያለሁ። ይሂዱ።»

«እርስዎ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልዎ?»

«ስደበኝ። ያልኩህን ሁሉ መልስልኝ።»

ያኔ ወጣ። ከስቷል፤ ከዚያ ቅጥነት ላይ ምን ቀርቶት እንደሚከሳ እንጃ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«ስድቡንማ ረስቼዋለሁ» አለ። «እዚህ ግቢ ስድብ እንደ ሰላምታ ነው። የማልረሳው ሌላ ነው። ቆርቆሮውን ስሰጥዎት ጣቴ መዳፍዎን ነካው። እርስዎ መዳፍዎን ቀሚስዎ ላይ ጠረጉት። ሲጠርጉት ፊትዎ ላይ ንዴት እንኳ አልነበረም። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነበሩ።»

ልትክድ አፏን ከፈተች። አታስታውሰውም። ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው፤ የገዛ እጇ እንግዳ ሆነባት። እናቷ እዚያ ውስጥ ነበሩ። በክርናቸው በር የሚከፍቱት፣ ብርጭቆ የሚያስጥሉት እናቷ፣ እሷ ሳታውቀው በእጇ ገብተው ነበር። ከጓንቱም፣ ከውሸቱ የልብ ሕመምም ይልቅ ይሄ ዘገነናት።

«አላስታውሰውም» አለች። «ግን አድርጌዋለሁ። ካልክ አድርጌዋለሁ። እኛ ቤት መጸየፍን ከጡት ጋር ነው ያጠቡን። ወጥቶልኛል ብዬ ልምልልህ አልችልም፤ ነገም እጄ ሊያሳፍረኝ ይችላል። ግን አንተ ከጠጣህበት ኮዳ ጠጥቻለሁ። ያቺም እኔ ነኝ። የትኛዋ እንደምትበልጥ እኔም አሁን ነው የማየው።»

እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ ከዳሽቦርዱ የተረፈ ጥቁር ቅባት ጉንጯ ላይ ተሰመረ።  ሽቦ ጆሮውን ወደ በሩ ዘንበል አደረገ፤ ሞተሩን እያዳመጠ ነው።

«ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?» አንቺ ማለቱን ራሱ አላወቀውም። ቁና ተነፈሰና መሬት መሬቱን አየ። «አስጠልተሽኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ? የማይወዱት ሰው ሲያስጠላ ቀላል ነው፤ ትፍ ብሎ መሄድ ነው። የወደዱት ሰው ሲያስጠላ ግን አይተፋ፣ አይዋጥ። እህል እምቢ አለኝ።»

«አሁንስ?»

  ከመሬቱ ላይ ቀስ ብሎ ዓይኑን አነሳ።

«አሁንም፣ ትንሽ።»

«እኔም ራሴን» አለች። «ያውም ከትንሽ በላይ።»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ያዘው። አምልጦት ግማሹ ወጣ።

«ይሄን ልጨርስ» አለ ወደ ሚኒባሱ እየጠቆመ። «ባለቤቱ ይፈልገዋል። ትቆያለሽ?»

ራሷን ነቀነቀች። ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠች። እሱ ተመልሶ ከመሪው ሥር ገባ፤ በያጁም እሳቱን ለኮሰ። የተቃጠለ ጎማና ያረጀ ዘይት ሽታ እንደ ወትሮው አፍንጫዋን መታው። አስጠላት፤ አልዋሸችም፣ አስጠላት። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም። ከሽታው ሥር፣ ደረቷ ውስጥ፣ አንድ ሌላ ነገር ቀስ እያለ ይሞቃል። ደስታ ነው እንዳትለው፣ ደስታ እንዲህ ባለ ሽታ መሐል ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። ሌላ ስም ግን አጣችለት።